እቴቴ እና ናሽናልስ

አስፐን ሂልን የማታውቅ ከሆነ፣ ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ ኮነቲከት አቬኑ ጆርጂያ አቬኑን ለመግጠም ሲቃረብ የምታገኘው ሰፈር ነው። እኛ የምንኖርበት ሕንፃ ኮሪደር ሌላ ቀን የጎረቤቶቻችን የሳልቫዶሮቹ ፑፑሳ ይሸት ነበር፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን የእቴቴን ቡና የሚያሸንፍ አልነበረም። ቡናው ገና መንጣጣት ሲጀምር የጭሱ ደወል ይጮሃል። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ በፎጣ ሳራግብ እሷ ረከቦቱ ሥር እንደተቀመጠች “ተወው፣ ሲደክመው ዝም ይላል” ትለኛለች።

ቤዝቦልን የለመድነው እዚያ ቤት ነው፣ በ2019 (በፈረንጅ ማለቴ ነው)። ዲቪ ደርሶኝ እቴቴ ዘንድ ካረፍኩ ገና ብዙም አልቆየሁም ነበር። እቴቴ አክስቴ ናት፤ የደብረ ብርሃን ልጅ። እኔ መሃል ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ሺፍት ገብቼ ነበር፤ ቁልፍ ተቀብሎ ማስገባት፣ ቲኬት አይቶ ማውጣት፣ ደግ ሰው ከተገኘ አንድ ሁለት ዶላር ጉርሻ ኪስ መክተት። መግቢያው ላይ ያለችው የመስታወት ክፍል ጎማና የተቃጠለ ቤንዚን ትሸታለች። ከኔ በፊት የሠራ የአገሬ ልጅ አንቴናዋ በሽቦ የታሰረች ሬድዮ ትቶ ሄዷል። እሷ ላይ በየማታው ቻርሊ ስሎውስና ዴቭ ጄግለር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ቤዝቦል ያስተላልፋሉ። በመጀመሪያ የሚሉትን ከአሥር አንዱን አልሰማም። ግን ድምፃቸው አይቸኩልም፤ በኳስና በኳስ መካከል ስለ ምሳቸውም ስለ ዝናቡም ያወራሉ፤ የሚያነጋግረው ሰው ለሌለው ወጣት ያ ትልቅ ነገር ነው።

የኛ የእግር ኳስ ሰው የሚደነቀው ቤዝቦል የማብቂያ ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። ዳኛ ሰዓቱን አይቶ ፊሽካ የሚነፋበት የለም፤ 27 ሰው ካልወጣልህ ጨዋታው አያልቅም። ደግሞ በስድስት ወር 162 ጨዋታ! ማታ ተሸንፈህ በማግስቱ እንደገና ነው። እቴቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ስታየው ግን ምንም አልገረማት። “ይሄማ ገና ነው፤ ዱላውም ሩሩም ያው ነው።” ብላ እንጀራዋን መጋገር ቀጠለች።

የዋሽንግተኑ ቡድን ናሽናልስ በመጋቢት መጨረሻ በሜዳው ተሸንፎ ጀመረ። እኛ ሰፈር ያን ሰሞን ለኳስ ልብ ያለው አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከወደቀና 157 ሰው ካለቀ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም፤ ቤተ ክርስቲያን የሄድን እንደሆነ ወሬው ሁሉ ያው ነው። ቡድኑም እንደኛ ቆዘመ። ግንቦት ወደ ማለቁ ሲል ከ50 ጨዋታ 31 ተሸንፎ 19 ብቻ አሸንፎ ተገኘ። ሬድዮ ላይ የሚደውለው ሁሉ አሠልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ይባረር ይላል። ብራይስ ሃርፐር የሚባለው ኮከባቸው በዚያው ዓመት ፊላደልፊያ ገብቶ ነበር፤ ቀብር እንጂ ሌላ አልቀረም የተባለበት ጊዜ ነበር።

እዚያው ፎቅ ላይ አንድ ሽማግሌ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤት ነበሩን። ሬድዮናቸው ተዘግቶ ስለማያውቅ እቴቴ “ጋሽ ሬድዮ” ብላ ስም አውጥታላቸዋለች። ከኔ ጋር በደረጃው ላይ “ሃይ” ከመባባል አልፈን አናውቅም ነበር። አንድ ቀን የቡድኑን ቀይ ኮፍያ፣ እንደ ጅራት የተጠማዘዘ ደብሊው ያለበትን፣ ራሴ ላይ አይተው ቆሙ። ከርካሽ ገበያ በሦስት ዶላር ያነሳሁት ነው፤ ፀሐይ እንዲከልልኝ። ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ግማሽ ሰዓት! በልጅነታቸው ሴናተርስ የሚባለው ቡድን ከተማዋን ጥሎ ቴክሳስ ሲሄድ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ነበሩ፤ መስከረም 30 ቀን 1971። ዋሽንግተን 7 ለ5 እየመራ፣ ሊያልቅ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ሕዝቡ በንዴት ሜዳውን ወረረው፤ ጨዋታው በፎርፌ ለያንኪስ ተሰጠ። እሳቸውም ከሜዳው ሣር ነቅለው በኪሳቸው ይዘው ቤት ገቡ። ከዚያ 33 የውድድር ዓመት ከተማዋ ያለ ቡድን ከረመች፣ በ2005 የሞንትሪያሉ ቡድን ተዛውሮ ናሽናልስ እስኪባል ድረስ። ዋንጫ ደግሞ በ1924 ዋልተር ጆንሰን በነበረ ጊዜ ከተነሳ ወዲህ አልታየም። ይሄን ሁሉ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቅሬታ የትናንት ነበር። “ተመልሰው መጡ ብለህ ልብህን አትስጣቸው” አሉኝና ሳቁ። እሳቸው ግን መስጠታቸውን ፊታቸው ይናገር ነበር።

ሰኔ ላይ ወርዋሪው ማክስ ሸርዘር በልምምድ ኳሷን በዱላ ሲነካ ተመልሳ አፍንጫውን ሰበረችው። በማግስቱ ዓይኑ ሥር ጠቁሮ ወጣና ሰባት ኢኒንግ (ዙር) ያለ አንዳች ነጥብ ወረወረ። ሰውየው ድሮም አንድ ዓይኑ ሰማያዊ አንዱ ቡናማ ነው፤ በላዩ ላይ ያ ጥቁረት ሲጨመርበት እቴቴ ማየት አልቻለችም። “እናት የለውም እንዴ? ኧረ አሳርፉት!” ብላ በጭልፋ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆመች። ከዚያ ሦስት ቀን ሳይሞላ ነው የባሕር ዳሩና የአዲስ አበባው የባለሥልጣናት ግድያ የተሰማው። አገር ቤት ኢንተርኔት ጠፋ፤ ቫይበሩ ዝም፣ ዋትሳፑ ዝም። እቴቴ ወንድሞቿን ለማግኘት የስልክ ካርድ ስትፍቅ ታመሻለች። ጨዋታው ድምፁ ተዘግቶ ከፊቷ ይሄዳል። ላጥፋው ስላት “ተወው፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኑር” አለችኝ።

ቡድኑ ግን መነሳት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ጉድጓድ ወጥቶ የመደበኛውን ውድድር በ93 አሸናፊነት ጨረሰ። ጄራርዶ ፓራ የሚባለው ተጫዋች ወደ ሜዳ ሲገባ የሚዘፈነው የሕፃናት ዘፈን፣ “ቤቢ ሻርክ”፣ ስታዲየሙን ሁሉ በጭብጨባ ያናውጠው ጀመር። እቴቴ ግን ልቧ የተማረከው በሁዋን ሶቶ ነው። የ20 ዓመት የዶሚኒካን ልጅ፣ ኳሷን አልመታም ብሎ ካሳለፋት በኋላ እግሩን እየጎተተ ወርዋሪውን አፍጥጦ የሚያይ። “ይቺ እስክስታ ናት!” አለች እቴቴ። ከዚያ ወዲያ “ልጄ” ሆነ።

ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ማታ፣ የተሸነፈ በሚሰናበትበት ጨዋታ፣ እኔ ፓርኪንጉ ውስጥ ነበርኩ። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ሚልዋኪ 3 ለ1 ይመራል። አንድ ከረቫቱን የፈታ ሰውዬ ቁልፉን ተቀብሎ መሄድ አቅቶት መስታወቱ ላይ ተደገፈ። ሬድዮዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋኋት። የመኪናው ሞተር እንደበራ፣ ከኋላው ሌላ መኪና፣ ከዚያም ሌላ፤ ጥሩምባ የሚነፋ የለም። ሶቶ መታ፤ ኳሷ በቀኝ በኩል በተከላካዩ ጓንት ሥር አለፈች፤ ሦስት ሰው ገባ፤ 4 ለ3። ሰውዬው ክንዱን በመስኮቱ አስገብቶ አንገቴን አቀፈ። የሽቶው መዓዛ እስከ ቤት አብሮኝ መጣ። ሲረጋጋ ስሜን ጠየቀኝ፤ ለወራት ቁልፍ ስንለዋወጥ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ነገርኩት፤ አሳስቶ ደገመው፤ አላረምኩትም።

ከዚያማ ሎስ አንጀለስን ሃዊ ኬንድሪክ በአሥረኛው ኢኒንግ አራት ነጥብ ባስገኘ ሆምራን ጣላት። ሴንት ሉዊስ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ በነበረበት ዓርብ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር የኖቤል ሽልማት አገኙ ተባለ፤ በጠዋት እልልታ፣ በማታ ኳስ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ዳግመኛ የሞት ሆነ። ደስታና ሐዘን በአንድ ትሪ የቀረበበት ጥቅምት ነበር። እቴቴ አንድ ዓይኗ ስልኳ ላይ፣ አንዱ ዓይኗ ሂውስተን ላይ።

ሴንት ሉዊስን አልፈው ከሂውስተን ጋር በገጠሙበት ፍጻሜ፣ በወርልድ ሲሪሱ፣ አንድም ቡድን በሜዳው አላሸነፈም፤ የኛዎቹ ዲሲ ላይ ሦስቱንም ተሸንፈው ሂውስተን ተመለሱ። በስድስተኛው ጨዋታ ዳኛው ትሬ ተርነርን አላግባብ አስወጣው ብሎ ማርቲኔዝ ሜዳ ወርዶ ጮኸ፤ ሰው ይዞት እንኳ አልመለስ አለና ተባረረ። ጋሽ ሬድዮ በንዴት ከወንበራቸው ተነሱ። እቴቴ ስኒ እየሞላችላቸው “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” አለቻቸው። በእንግሊዝኛ ላስረዳቸው ስሞክር እሳቸው ቡናውን ይዘው ቀድመው ገብቷቸዋል፤ ተቀመጡ። 7 ለ2 አሸነፍን።

ሰባተኛውን ማታ ሺፍቴን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ለውጬ ቤት አየሁት። ሸርዘር ከሦስት ቀን በፊት አንገቱ ተይዞ ልብስ መልበስ አቅቶት የነበረው እንደምንም ወረወረ። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ የኬንድሪክ ኳስ የቀኙን ምሰሶ ስትመታ የተሰማው ድምፅ ቤታችን ውስጥ የተመታ ብረት መሰለኝ። ጨዋታው 6 ለ2 አለቀ። ኮሪደሩ ላይ በር ተከፈተ፣ ሳልቫዶሮቹ ወጡ፣ የጋና ቤተሰቦች ወጡ፣ ጋሽ ሬድዮ በነጠላ ጫማ። እቴቴ በእኩለ ሌሊት እጣን አጨሰች። ደወሉ ጮኸ፤ በፎጣ ያራገበ ግን አልነበረም።

ሶቶን በነሐሴ 2022 ለሳን ዲዬጎ አሳልፈው ሰጡት። እቴቴ አንድ ወር ሙሉ ቴሌቪዥኑን አላበራችም፤ “ልጅ ይሸጣል?” ትላለች። በኋላ ለኒው ዮርክ ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ ስላት ቁጥሩን ሁለቴ አስደገመችኝና “እናቱን ያሳርፍበት” ብላ መረቀችው። ከዚያ ሜትሶች እዚህ መቼ እንደሚመጡ ጠየቀች፤ እሱ የሚቆምበትን የቀኙን ሜዳ በቅርብ የሚያሳይ ወንበር እንድቆርጥላት። ዋጋውን ስነግራት መነጽሯን አወለቀች። “በቴሌቪዥን ይሻላል፤ ፊቱም በደንብ ይታያል” አለችኝ።