«ልጄ ጠንካራ ነው፣ ትሉ በራሱ ይጠፋል» ለምትሉ ወላጆች



ከአንኮበር ለሚመጡ ወላጆች ስለ ቢልሃርዚያ ሳነሳ ብዙዎቹ ይገረማሉ። «ዶክተር፣ እኛ እኮ ደገኞች ነን፤ ይሄ የቆላ በሽታ አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የደጋውን ብርድ አይችልም። ልጆቻችን ግን ትምህርት ሲዘጋ ዘመድ ጥየቃ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳሉ፤ ወንዝ ውስጥ ይዋኛሉ። እዚያ ደግሞ ቢልሃርዚያ አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ልጄ ጠንካራ ነው፣ ትኩሳትም የለው። ሰውነቱ ራሱ አያጠፋውም?»

አያጠፋውም። ምክንያቱ የትሉ ቆዳ ነው። እጩ ውሃ ውስጥ ያለን ሰው ቆዳ ሰርስሮ በደቂቃዎች ይገባል፤ በሰዓታት ውስጥም የድሮ ሽፋኑን ጥሎ ድርብ ሽፋን ይለብሳል። ሲያድግ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆንና በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ይቀመጣል። ያረጀውን ሽፋን እያራገፈ ከሥር አዲስ ይተካል። ከእኛው ደም የደም ዓይነት ምልክት ሳይቀር ወስዶ ላዩ ላይ ይለጥፋል። የሰውነታችን ዘበኛ የቤቱን ሰው ልብስ ስለሚያይ ያሳልፈዋል። ትሉ በዚህ ዘዴ ለዓመታት ይኖራል።

እንቁላሎቹ ግን እንዲህ አይደበቁም። ብዙዎቹ በሰገራ ሳይወጡ አንጀትና ጉበት ውስጥ ይቀራሉ። ሰውነት እነሱን ሲዋጋ ጉበት ቀስ በቀስ ይጠባሰሳል። ልጁ ሲሮጥ ሲጫወት እያያችሁ ጉዳቱ ውስጥ ለውስጥ ሊቀጥል ይችላል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ትሉን ያኮማትረዋል፣ ሽፋኑንም ይጎዳዋል። ያኔ የተደበቀው ይገለጣል፤ የሰውነት መከላከያም ሥራውን ይሠራል። ሦስት ነገር ግን ያዙልኝ፦

1. ለወስፋት የሚሰጠው አልቤንዳዞል ቢልሃርዚያን አያድንም። «የትል መድኃኒት ወስዷል» ብላችሁ አትዘናጉ።

2. ፕራዚኳንቴል ገና ያላደጉ ትሎችን በደንብ አይገድልም። እንቁላልም ሰገራ ላይ የሚታየው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጁ ከወንዝ እንደተመለሰ የተደረገ ምርመራ «ነፃ ነው» ቢልም በኋላ መደገም አለበት።

3. ዳግመኛ ከመያዝ አያድንም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አስተውለው ዕድሜያቸውን ለዚያ የሰጡት ያለ ነገር አይደለም፤ ውሃው ካልጸዳ በሽታው ይመለሳል። ሜዳ ላይ አለመጸዳዳት፣ ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ አለመዋኘት ዋናው መከላከያ ነው።

ልጃችሁን ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ስትመጡ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «ቆላ ወርዶ ወንዝ ውስጥ ዋኝቶ ነበር» በሉ። ይህች አንድ ቃል ትክክለኛውን ምርመራ ታስገኛለች። መጠኑ በክብደት ስለሚወሰን መድኃኒቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ።

ጤናችሁ ይብዛ።