ቁልቁለቱ የሸሸገውን ዳገቱ ያወጣዋል
የዓባይን በረሃ ባረጀ መኪና ለሚያቋርጥ ቤተሰብ

ለዓመት በዓል ወይም ለቤተ ዘመድ ጥየቃ ልጆችዎን ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ለመሄድ አስበዋል እንበል። መኪናው ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ነው። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለስ አላሳፈረዎትም። ታዲያ ዓባይን ወርዶ ይወጣል ወይ? ይህን የሚወስነው የመኪናው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ መጉደል አለመጉደሉም ነው።

መንገዱ እንጦጦን ተሻግሮ፣ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ፣ ጫንጮን፣ ሙከጡሪንና ደብረ ጽጌን፣ ከዚያም ገብረ ጉራቻን አልፎ ጎሃ ጽዮን ይደርሳል። ይህ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ አብዛኛው ደጋና ነፋሻ ነው። መኪናው ፈጠን ብሎ ስለሚሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ የሙቀት መለኪያው ጠቋሚም ከመካከል አይነቃነቅም። ሾፌሩም ተሳፋሪውም ልባቸው ያርፋል።

ከጎሃ ጽዮን ወዲያ ግን ምድሩ ይከፈታል። 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ መንገዱ በ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,000 ሜትር ብዙም ወደማይበልጠው የወንዙ ዳር ይወርዳል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይና ጄሶ፣ ከታች ደግሞ ቀላ ያለው አሸዋማ ድንጋይ እየተፈራረቀ ይታያል። ደጋ ላይ ጋቢ ያስፈለጋቸው ልጆች ከድልድዩ ሲደርሱ ሹራባቸውን ያወልቃሉ። እዚያም አሮጌው ድልድይና በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ደጀን ሌላ 20 ኪሎ ሜትር ዳገት ይጠብቃል።

አታላዩ ቁልቁለቱ ነው። በቁልቁለት ሞተሩ ብዙ አይደክምም፤ የሚግለው ፍሬኑ ነው። ስለዚህ በከባድ ማርሽ መውረድ እንጂ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መንሸራተት ወይም ሞተር ማጥፋት አደገኛ ነው። ራዲያተሩ ውሃ ጎድሎት እንኳ ቢሆን በቁልቁለቱ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ዳገቱ ሲጀመር ግን ሞተሩ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል፤ ከፊት የጭነት መኪና ያዘግማል፤ ነፋስ የለም፤ አየሩም ሞቃት ነው። የተሸሸገው ጉድ የሚወጣው ያኔ ነው።

ለመሆኑ ውሃው የት ይሄዳል? እናቶች እንደሚያውቁት ክዳኑ ከገጠመ ድስት ውስጥ ውሃ ዝም ብሎ አይጠፋም። የመኪናም እንዲሁ ነው፤ ጎድሎ ከተገኘ የወጣበት ቀዳዳ አለ። የሚወጣባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ወደ ውጭ መፍሰስ ነው። ከጉዞው ጥቂት ቀናት አስቀድመው ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን ያንጥፉ፤ ጠዋት ይመልከቱት። አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ያለው እርጥበት ካገኙ ከራዲያተሩ፣ ከጎማ ቱቦዎቹ ወይም ከውሃ ፖምፑ የመጣ ነው። ቀለምና ሽታ የሌለው ጠብታ ግን የአየር ማቀዝቀዣው ላብ ሊሆን ይችላል። በተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከራሰና መኪናው ውስጥ ጣፈጥ ያለ ሽታ ካለ፣ የሚያፈሰው የመኪናው ማሞቂያ ሊሆን ስለሚችል ይመርመር።

ሁለተኛው በክዳኑ በኩል የሚወጣው ነው። ውሃ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በባሕር ጠረፍ ግን በ100 ነው። የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ መፍያውን በ20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ይህን ሥራ ስለማይሠራ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ገንፍሎም ይወጣል። ታዲያ አንድን ሞተር ለማዳን አንዳንዴ የሚያስፈልገው ክዳን መለወጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ክፉው ወደ ሞተሩ ውስጥ መግባቱ ነው። መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ውሃው በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ የሚቀጥል ከሆነ፣ የሞተር ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ወይም ሞተሩ ሲነሳ ራዲያተሩ ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ የሚንተከተክ ከሆነ፣ በቴስታታው ሥር ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል ብሎ መጠርጠር ይገባል። እንዲህ ያለ መኪና ወደ ጋራዥ እንጂ ወደ ዓባይ አይወሰድም።

ውሃው ሳይጎድል ሞተሩ የሚግልበት ጊዜም አለ። የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ግሎ የታችኛው ቀዝቃዛ ሆኖ ከቀረ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቶ ይሆናል። ቺንጊያው ላልቶ ወይም ፋኑ ቆሞ እንደሆነም ማየት ነው። የራዲያተሩ ፊት በአቧራና በገለባ መደፈኑ፣ ውስጡም ቅርፊት መያዙ የተለመደ ነው። የኖራ ድንጋይ ባለበት አገር የሚፈስ ምንጭ በጀበና ውስጥ እንደሚታየው ያለ ነጭ ቅርፊት ራዲያተር ውስጥም ይተዋል። በመሆኑም ከበረሃው የተቀዳ ውሃ ለችግር ቀን ብቻ ነው፤ አገር ቤት እንደደረሱ ተደፍቶ በንጹሕ ውሃና በማቀዝቀዣ ፈሳሽ መተካት አለበት።

ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጡ እንደሆነ መለኪያውን እርስዎም ይከታተሉ፤ የሾፌሩ ዓይን በመንገዱ ላይ ነውና። ጠቋሚው ከመካከል አልፎ መውጣት ሲጀምር «ትንሽ ነው የቀረን» የሚለውን ቃል አይቀበሉ። የአየር ማቀዝቀዣው ይጥፋ፤ የመኪናው ማሞቂያ በሙሉ ይከፈት፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳልና። ጠቋሚው ካልተመለሰ መኪናው ከመጠምዘዣ ርቆ ዳር ይያዝ፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ ከጎማው ሥር ታኮ ይደረግ። ልጆቹ ከመኪናው ወርደው ከአስፋልቱ ይራቁ።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ማንም አይንካው። ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ የደረሰ ውሃ ክዳኑ ሲላቀቅ በአንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና ዓይን ላይ ይፈነዳል። ራዲያተሩ በእጅ ሲዳሰስ የማያቃጥል ሲሆን፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዞና ፊትን ዞር አድርጎ ቀስ በቀስ ማላቀቅ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መገልበጥ ብረቱን ይሰነጥቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመር፤ ሲጨመርም የት እንደሚፈስ ይታይ። ውሃ ሞልቶ መሄድ መንገድ ያሻግራል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም።

በዚህ ምክንያት ሁለት ጀሪካን ይያዙ። አንዱ ለራዲያተሩ፣ ሌላው ለልጆቹ ይሁን፤ የልጆቹ ውሃ በበረሃ ውስጥ ለሞተር አይሰጥም። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ጣዕሙ ጣፋጭ ቢሆንም መርዝ ነው። በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ አያስቀምጡት፤ የፈሰሰውንም ልጅም ውሻም ሳይነካው ይጠቡት። ከመነሳትዎም በፊት የመንገዱን ሰላም ካወቀ ሰው ይጠይቁ፤ በቀን ይጓዙ። የበረሃው መሬት በዝግታ የሚንሸራተት በመሆኑ አስፋልቱ ቶሎ ስለሚጎዳ ጉዞው ካሰቡት ሊዘገይ ይችላል።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የላላ ቺንጊያና የደረቀ ቱቦ በከተማ ሲለወጡ የግማሽ ቀን ሥራ ናቸው። በዓባይ ዳገት ላይ ግን ቴስታታ ያጣምማሉ፤ ቤተሰብንም በበረሃ ያስቀራሉ። እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ኮፋኖውን አስከፍተው የውሃውን ልክ ይመልከቱ፤ ምልክትም ያድርጉበት። ከሦስት ቀን በኋላ ያው ምልክት ላይ ካገኙት ደጀን የመድረስ ተስፋዎ የጸና ነው። ከጎደለ ግን ቀዳዳው ሳይገኝ ጓዝ አይጫን።