ከእንጦጦ ማርያም እስከ ዋሻ ሚካኤል በእግር

ለገና ወደ ላሊበላ በእግራቸው የሚሄዱትን ምእመናን ባየሁ ቁጥር መንፈሳዊ ቅናት ይይዘኛል። በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረው፣ አንዳንዶቹም በባዶ እግራቸው፣ ስንት ቀን ስንት ሌሊት! እኔና ጓደኛዬ ያን ያህል ፈቃድ ከሥራ አናገኝምና ከደጃችን ጀመርን። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑባት ከእንጦጦ ማርያም ተሳልመን ተነሣን፤ የተራራውን ጫፍ ይዘን በስተምሥራቅ ወደ የካ።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው፣ ገመዱ ደረታቸው ላይ ጠብቆ፣ ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች አገኘን። መንገድ ስንለቅላቸው አንዷ ቀና ሳይሉ «ተባረኩ ልጆቼ» አሉን። ያን ሸክም ተሸክሞ ሰው መመረቅ! ልቤን ነካኝ።

ጓደኛዬ ዳገት ላይ ዝም ይላል። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ስለ እናቱ የመጨረሻ ወራት ማውራት ጀመረ። ስንት ዓመት ቡና አብረን ስንጠጣ አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። ጎን ለጎን ሲኬድ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ለዚህ ይመስለኛል። እኔም ምንም አላልኩም፣ እርምጃዬን ብቻ ከእሱ ጋር አስተካከልኩ።

መድረሻችን፣ የየካው ዋሻ ሚካኤል፣ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በትውፊት የአብርሃና አጽብሃ ዘመን ሥራ ይባላል። ላሊበላን የሚናፍቅ አዲስ አበቤ ይህን አጠገቡ ያለውን ሳያይ መኖሩ ያሳዝነኛል። ሂዱና ተሳለሙት።

እኛ ደግሞ ለመስከረም 21፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ፣ ከደሴ ተነሥተን ግሸን ማርያም በእግር ልንሄድ ተነጋግረናል።