ፔዳል እየረገጥን ወደ መርከቦቹ መቃብር

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ደቡብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ሲኬድ፣ ፖቶማክ ወንዝ ወደ ሜሪላንድ በኩል ገባ ብሎ የሠራው ማሎውስ ቤይ የሚባል ጭር ያለ ሥፍራ አለ። ልጄ ሲመቸው ቅዳሜ ማለዳ ወደዚያ ይሄዳል። እሱ "ዓሣ ላጠምድ ነው" ይላል፤ ባለቤቱ ደግሞ "ከስልክ ሊደበቅ ነው" ትላለች። ባለፈው ሰኔ ልጠይቃቸው ሄጄ ሁለቱም እውነታቸውን መሆኑን አየሁ።

መጀመሪያ ላይ ጀልባዋን ጠልቻት ነበር። ጋራዡን እሷ ስለያዘችው መኪናው ውጭ ያድራል። ዋጋዋን ስጠይቀው ልጄ ወሬ ለወጠ። በኋላ እንደተረዳሁት እንዲህ ዓይነቶቹ አዲስ ሲገዙ ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያወጣሉ፤ የእሱ ያገለገለች ናት። ሌሊት እየሠራ ቀን የሚተኛ፣ ልጁን እንኳ በወጉ የማያገኝ ሰው ጀልባ ምን ያደርግለታል እያልን ከእናቱ ጋር በስልክ አምተነዋል።

ካያክ ጠባብና ረጅም፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚይዝ ጀልባ ነው። የጥንቱ በመቅዘፊያ ይሄዳል። የልጄ ግን በእግር ነው የምትሄደው። ከኋለኛው ወንበር ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ቀዳዳ አለ፤ በዚያ በኩል ፔዳል ያለው ማሽን ይወርድና ከሥር ያለውን ፕሮፔለር ያዞራል። ረገጣው እንደ ብስክሌት ነው፤ ወደ ኋላ ሲረግጡት ጀልባዋም ወደ ኋላ ትሄዳለች። በፕሮፔለር ፈንታ እንደ ፔንግዊን ክንፍ ግራና ቀኝ በሚወዛወዙ ሁለት ክንፎች የሚሄድም አለ፤ ሆቢ የተባለው ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። የሁለቱም ጥቅም አንድ ነው፤ እጅ ነጻ ይሆናል። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ እጁን ይፈልገዋል።

አንድ ማታ ጋራዥ ውስጥ ማሽኑን ሲጠግን አገኘሁትና፣ ለወሬ ያህል፣ "ይቺን እንዴት ነው የምትይዛት?" አልኩት። ከመጣሁ ጀምሮ "ደህና አደርክ? በላህ?" ከማለት ያላለፈ ልጅ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኝ።

ጀልባዋ ከውኃ በወጣች ቁጥር ማሽኑ ተነቅሎ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ጨዋማ ውኃ ከነካው በተለይ ማደር የለበትም። ቀጥሎ ፕሮፔለሩ ይፈታና ዘንጉ ላይ የዓሣ ክር ተጠምጥሞ እንደሆነ ይታያል። ያቺ ቀጭን ክር ውኃ እንዳይገባ የሚከላከለውን ጎማ ቀስ በቀስ ትቆርጠዋለች፤ ከዚያ ውኃው ወደ ጥርሳ ጥርሱ ይዘልቃል። ግራሶው ነጣ ብሎ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ብሎኖቹም መላላታቸው ይፈተሻል። ገላዋ ፕላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ ላይ አትከርምም፤ በሙቀት ቀን መኪና ጣራ ላይ አጥብቀው ቢያስሯት ትሰረጉዳለች። ከኋላዋ ያለችውን የውኃ ማፍሰሻ ውታፍ ሳይዘጋ የገባ ሰው እግሩ ሲርስ ያስታውሳታል።

በመጨረሻ ከትንሽ ጣት የምታንስ የብረት ዘንግ አሳየኝ። ፕሮፔለሩን ይዛ የምታዞረው እሷ ናት። ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ሲጋጭ ውድ የሆነው ጥርሳ ጥርስ እንዳይጎዳ ቀድማ ትሰበራለች፤ እንደ ቤታችን ፊውዝ ማለት ነው። መለዋወጫዎቿን በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ ከማሽኑ ጎን ያስቀምጣቸዋል።

በማግሥቱ እሱ ሲተኛ እኔ ጋራዡን አጸዳሁለት። ልጁ ቤት እንግዳ ሆኖ የተቀመጠ ሽማግሌ እጁ አያርፍም።

ቅዳሜ ሳይነጋ ተነሳን። ጀልባዋ ከ50 ኪሎ በላይ ስለምትመዝን ከመኪናው እስከ ውኃው ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ጭነን ገፋናት። ምራቴና የልጅ ልጄ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ቀሩ። ወንበሩ ሁለት ብቻ ስለሆነ ልጁ "እኔስ?" ብሎ አለቀሰ፤ ስንመለስ በተራው እንደሚሄድ ቃል ገባንለት። የግዛቲቱ ሕግ 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ በትንሽ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬት እንዲለብስ ያዛል፤ የእኛው ግን ገና ከቤት ሲወጣ ለብሶት ነበር።

አሜሪካ በ1917 እ.ኤ.አ. ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መርከብ አጥሯት በጥድፊያ ብዙ የእንጨት መርከቦች እንዲሠሩ አዘዘች። በሚቀጥለው ዓመት ጦርነቱ ሲያልቅ ብዙዎቹ ገና እየተሠሩ ነበር። የሚፈልጋቸው ስለጠፋ ብረታቸውን ነቅሎ ለሚሸጥ ድርጅት ተሸጡ፤ በ1925 እ.ኤ.አ. በርካቶቹ እዚሁ ተቃጠሉ። በኋላም ሥራ ያጡ የአካባቢው ሰዎች ከቅሪታቸው ብረት እየነቀሉ ኖረውበታል። ዛሬ ከ100 በላይ መርከቦች በዚህ ውኃ ውስጥ ተኝተዋል፤ ሥፍራው ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት የተጠበቀ ነው።

መቃብር ሲባል የሚያስፈራ ነገር ጠብቄ ነበር። ያየሁት ግን ሌላ ነው። የመርከቦቹ ጎድን ከውኃው ብቅ ብሎ፣ በሆዳቸው አፈር ሞልቶ፣ ዛፍና ቁጥቋጦ በቅሎባቸው ትንንሽ ደሴቶች ሆነዋል። ዓሣ በል ጭልፊቶች ጎጇቸውን ሠርተውባቸዋል። አንዱ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲያየን ጣና ያለሁ መሰለኝ።

ልጄ ከኋላ ቀስ እያለ ይረግጣል፤ እኔ ከፊት ነኝ። የእኔ ወንበር ፔዳል የለውም፤ ሁለተኛው ማሽን ለብቻው ስለሚሸጥ አልገዛውም። አምባዛ የሚመስል ጢማም ዓሣ ያዘ። ብሉ ካትፊሽ ይሉታል፤ ከሌላ አካባቢ መጥቶ የወንዙን ዓሣ ስለሚፈጅ መንግሥት ራሱ አጥምዳችሁ ብሉት ይላል። ዓሣውን መንጠቆው ላይ እያለ ወደ እኔ ሳያይ፣ "አባዬ፣ የቀን ሥራ ሰጥተውኛል። ደመወዙ ግን ያንሳል። ለእሷም አልነገርኳትም" አለኝ። ፊት ለፊት ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ የሚነግረኝ አይመስለኝም። ምን እንደምመልስለት ሳስብ ከሥራችን ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ።

ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። ፕሮፔለሩ ውኃ ውስጥ ከተደበቀ የመርከብ እንጨት ጋር ተጋጭቶ ያቺ ዘንግ ተሰብራለች። ልጄ ምንም አልመሰለውም፤ እጁን ወደ ዕቃ ሳጥኑ ሰደደ። ፈለገ። ደግሞ ፈለገ። "ቆርቆሮው ሁልጊዜ እዚህ ነበር" አለ። "እንቅልፍ አጥቼ ነው፤ የማደርገውን አላውቅም።"

እኔ ቆርቆሮውን የት እንዳስቀመጥኩት ትዝ አለኝ። ዝም አልኩ።

ነፋስ ተነስቶ ነበር፤ ውኃውም እየሸሸ ወደ ወንዙ ይስበናል። የነበረን አንድ መቅዘፊያ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ነው ያደግኩት፤ በልጅነቴ ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ በቀርከሃ ቀዝፌያለሁ። ታንኳ ከውኃ ስትወጣ ፀሐይ ላይ ትደርቃለች፤ ውኃ ጠጥታ ስትከብድ ደግሞ ሌላ ትሠራለህ እንጂ መለዋወጫ አትፈልግም። ይህን እያሰብኩ "ስጠኝ" ብዬ ተቀበልኩት። ጥሩ ጀመርኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ትከሻዬ እምቢ አለ። ልጄ ተቀበለኝ፤ ከዚያ እኔ፤ ደግሞ እሱ። በየመሀሉ የመርከብ ጎድን እየያዝን አረፍን። ስለ ሥራውም ያወራነው እዚያ ነው፤ ልጁ ትንሽ ሳለ ቤት ማደርን የሚያክል ደመወዝ የለም አልኩት፤ እሱም የቤት ዕዳውን ቆጠረልኝ። አልተስማማንም። ብቻ ተነጋገርን።

ዳርቻው ስንደርስ ምራቴ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ቆማለች። ፊቷን ሳይ ዓሣውን ማሳየት ተውኩ። የልጅ ልጄ ተራ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላለፈ፤ እሱም በድጋሚ አለቀሰ።

ማታ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ጀልባዋን አጠብናት። ልጄ ለባለቤቱ ወጥ ቤት ገብቶ አንድ ነገር ሲነግራት ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ ሲመለስ ግን አብራው መጣች። የውኃውን ጎማ እኔ ይዣለሁ። የልጅ ልጄ ወንበር ላይ ወጥቶ የላይኛውን መደርደሪያ ይበረብራል።

"አባባ፣ ይሄ ሻይ ነው?" አለኝ፣ ቆርቆሮውን እያንቀጫቀጨ።

ልጄ ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ እኔን አየ።

"አባዬ" አለ፣ "ጋራዡን አጽድተህልኛል አይደል?"

እኔ ፕሮፔለሩን ማጠቤን ቀጠልኩ።