አራዊትን ስለ ማየት

ሰው ከተፈጥሮው የማየት ረኃብ አለበት። ሆድ እንጀራ እንደሚሻ ዓይንም አዲስ ነገር ይሻል፤ ይልቁንም በከተማ የሚቀመጥ ሰው ከግንብና ከቆርቆሮ በቀር የሚያየው ሲያጣ ልቡ ወደ ዱር ይሸፍታል። ስለዚህ በዚህ ዘመን አራዊትን ለማየት መጓዝ ታላቅ ልማድ፥ ታላቅም ንግድ ሆኗል። ስሙ ሳፋሪ ይባላል፤ ቃሉ የስዋሂሊ ነው፥ ትርጓሜውም ጉዞ ማለት ነው።

በኬንያ በማሳይ ማራ፥ በታንዛኒያም በሴሬንጌቲ የዚህ ጉዞ ሥርዓት እንዲህ ነው። መንገደኞቹ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ፤ ጣራው በሚከፈት መኪና ይቀመጣሉ፤ አገሩን የሚያውቅ መሪም ከፊት ሆኖ ዱካውን፥ የአሞራውን ዙረት፥ የሣሩን ንቅናቄ እየተመለከተ ይመራቸዋል። ሁሉም የሚመኙት አምስቱ ታላላቆች የተባሉትን ማየት ነው፤ እነርሱም አንበሳ፥ ነብር፥ ዝሆን፥ አውራሪስና ጎሽ ናቸው። ነገር ግን ይህን ዝርዝር ያወጡት ተመልካቾች አይደሉም፤ አዳኞች ናቸው። አምስቱ የተመረጡት በመልካቸው ማማር ሳይሆን፥ በእግር ተከታትሎ ለመግደል ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግሩና የሚያስፈሩ ስለ ሆኑ ነው። ዛሬ በጠመንጃው ፈንታ መነጽርና ፎቶግራፍ ማንሻ ገብቷል፤ ዝርዝሩ ግን የአዳኝ እንደ ሆነ ቀርቷል። ስለዚህም ብዙው መንገደኛ አንበሳውን አይቶ ሳይጠግብ ወደ ነብሩ ለመሄድ ይቸኩላል፤ ማታ በእራት ጊዜም «እናንተ ስንት አያችሁ?» ይባባላል። መግደሉ ቀርቷል፤ መቍጠሩ ግን አልቀረም።

ለኢትዮጵያ ሰው ይህ ጠባይ እንግዳ አይደለም። በቀድሞ ዘመን አንበሳ ወይም ዝሆን ገድሎ የተመለሰ ጎበዝ በአገሩ ይከበር ነበር፤ ፉከራውም ሽለላውም ለእርሱ ነበረ። አውሬውን አይቶ ሳይገድል የተመለሰ ሰው ግን ባዶ እጁን ገባ ይባል ነበር። የውጭ አገር ሰውም ከዚህ የተለየ ልማድ አልነበረውም። ከአፍሪካ ታላላቅ የአጋዘን ወገኖች ሁሉ በመጨረሻ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባው የኢትዮጵያው ደጋ አጋዘን ነው። አገሬው ከጥንት ጀምሮ በስሙ ሲጠራው የኖረውን ይህን እንስሳ፥ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በአርሲ ተራሮች ላይ ተኵሶ ጣለው፤ በ1910ም ሪቻርድ ላይዴከር የተባለ ሊቅ በሳይንስ ቋንቋ ስም አወጣለት። ያ ስም የገዳዩ ስም ነው። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የሊቃውንትም ማወቅ ከጥይት በኋላ የሚመጣ ነበረ።

ልማዱ የተለወጠው በዝግታ ነው። በዚያው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1944 አራዊትን ስለ መጠበቅ አዋጅ ወጣ። በ1969 የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች በሕግ ተከለሉ። ሰሜን በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ቢገባም፥ የሰው እርሻ እየገፋ ስለ ሄደና የዋልያው ቍጥር ስላነሰ፥ ከ1996 እስከ 2017 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ተቈጥሮ ነበር። የባሌ ተራሮችም በ2023 በዚሁ መዝገብ ተጻፉ። ሕጉም ሲጸና አዲስ ሙያ ተወለደ፤ ይኸውም የመሪነት ሙያ ነው። በየፓርኩ መሪና ጠባቂ የሚሆኑት አብዛኛዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው፤ የአውሬውን ጠባይም የተማሩት ከመጽሐፍ ይልቅ በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ነው።

የዚህን ሙያ ፍሬ ለማየት ከአዲስ አበባ እጅግ መራቅ አያስፈልግም። ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በኮተቤ በኩል ያልፋል፤ የየካንና የእንጦጦን ተራራ በግራ ትቶ፥ ለገጣፎን፥ ሰንዳፋን፥ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ይደርሳል። ከዚያ ወደ መሐል ሜዳ የሚታጠፈው መንገድ በመንዝ ጓሳ መካከል ይሄዳል። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ውርጫም አገር ነው፤ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲግጥ፥ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም ዐይጥ ሲያድን በዚያ ይታያል።

በኮተቤ የሚቀመጥ አንድ መምህር ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደዚያ ሄደ። መሪው በርኖስ የደረቡ፥ ዕድሜያቸው የገፋ የመንዝ ሰው ነበሩ። ገና ጥቂት መንገድ እንደ ሄዱ መኪናውን አስቆሙና ሞተሩ እንዲጠፋ አዘዙ።

«ደረስን እንዴ?» አለ መምህሩ።

«ገና ነን፤ ግን እስቲ ይስሙ» አሉ መሪው።

መምህሩ ሜዳውን በመነጽር ዳር እስከ ዳር አየና «ምንም የለም፥ አባባ» አለ።

«ምንም የሌለበት ሜዳ የለም፥ መምህር። እኛ ስለ መጣን ነው ዝም ያለው፤ ሲረሳን ይናገራል» አሉ።

ጥቂት ከተቀመጡ በኋላ በእውነት ሜዳው መናገር ጀመረ። አስቀድሞ ዐይጦቹ ከጕድጓዳቸው ብቅ አሉ። ቀጥሎ ሌሊቱን በገደል ያደሩት ጭላዳዎች እናት ልጇን አዝላ፥ ወንዱ ጋማውን ነፋስ እያንቀሳቀሰው፥ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣሩን በጣታቸው ይነጩ ጀመር። በመጨረሻም መሪው በጣታቸው ሳይሆን በአገጫቸው ወደ መንጋው መካከል አመለከቱ። ቀይ ቀበሮው በዝንጀሮዎቹ መካከል፥ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፥ እንደ እነርሱ ቀስ እያለ ይራመድ ነበር። አንዱም ዝንጀሮ አልሸሸውም።

ይህን ነገር ሊቃውንትም ተከታትለው መዝግበውታል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2015 የታተመ የጓሳ ጥናት እንደሚናገረው፥ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ ሙከራ 67 ያህሉ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን የሚሳካለት 25 ያህሉ ብቻ ነው። ግልገሎቻቸውንም እንደ ልማዱ አይነካም። ቢሮጥ መንጋው ይበተናል፤ አንድ ግልገል ቢነጥቅ ከዚያ ወዲያ አያስጠጉትም። እንግዲህ አውሬው ራሱ ትልቁን ነገር ያገኘው ትንሹን ባለመንጠቁ ነው። የመሪውም ጥበብ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ነፋሱ ወደ የት እንደሚነፍስ ማወቅ፥ ዱካውን ማንበብ፥ ከሁሉም በላይ ደግሞ መታገሥ ነው። ለማየት የሚቸኩል ሰው የሚያየው የአውሬውን ጀርባ ብቻ ነው።

ነገር ግን ቀበሮው በዚያ የተገኘው መሪው ዐዋቂ ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ እጁን የሰበሰበ ሕዝብ ስለ ነበረ ነው። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጓሳውን በጋራ ሥርዓት ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድና ለገሳ ይፈለጋል፤ ሆኖም በአለቆቻቸው ትእዛዝ ሜዳው ለጥቂት ዓመታት፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋ ነበር፤ ሲከፈት ብቻ ሁሉ በድርሻው ያጭዳል። ይህ ሥርዓት ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈርሶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በሌላ መልክ መልሶ አቆመው፤ በ2008ም የአማራ ክልል የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ መሆኑን በሕግ ዐወቀለት። የመንዝ ገበሬ ይህን ያደረገው ለሣሩ ብሎ ነው፤ ቀበሮው ግን ከሣሩ ጋራ አብሮ ዳነ።

ወደ ጣርማ በር ሲመለሱ መሪው «መምህር፥ አገርዎ ወዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ኮተቤ።»

«እንግዲያ የጅብ ጎረቤት ነዎት። በየት በኩል ይወርድባችኋል?»

መምህሩ መልስ አጣ። ድምፁን ሌት ሌት ይሰማል፤ በየትኛው ሸለቆ እንደሚወርድ፥ በየት እንደሚመለስ ግን ጠይቆም አያውቅም ነበር።

ይህ የአንድ መምህር ነገር ብቻ አይደለም። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንደ ተባለ፥ የኮተቤና የየካ ሰው ለሩቁ አውሬ ገንዘብ ከፍሎ ሲሄድ በደጁ የሚያልፈውን አይመለከትም። ጅብም ከሁሉ ይልቅ የተናቀ ነው፤ ስሙ ለስድብ ነው፥ ተረቱም «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቍርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚል ነው። እርሱ ግን ሊጠና የሚገባው ፍጡር ነው። በነገዱ የምትገዛው ሴቲቱ ናት። ድምፁ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል። አጥንት ሰብሮ ስለሚበላ ፋንድያው ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ በየካ ዳገት የሚሄድ ሰው ይህን ነጭ ምልክት ካየ የጅቡን መንገድ አገኘ።

የጅብ ኑሮ ከሰው ኑሮ ጋራ ምን ያህል እንደ ተሳሰረ በትግራይ የተደረገ አንድ ጥናት በግልጥ ያሳያል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2012 በታተመው በዚህ ጥናት የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከዐቢይ ጾም በፊት፥ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ የጅብን ፋንድያ ሰብስበው በውስጡ የተገኘውን ጠጕር መረመሩ። የአህያ ጠጕር የተገኘበት ከጾም በፊት ከመቶ 15 ገደማ ሲሆን፥ በጾም ወራት ወደ 33 ገደማ ከፍ አለ፤ ከፋሲካ በኋላም ተመልሶ ዝቅ አለ። ምክንያቱ ሕዝቡ ሥጋ ሲተው በየሜዳው የሚጣለው የዕርድ ትራፊ ይጐድላል፤ ጅቡም የሚጾምበት ሥርዓት ስለሌለው ወደ አህያ ይዞራል። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን የሚታወጀው ጾም እስከ ዱሩ ድረስ ይታወቃል ማለት ነው።

አህያው የተበላበት ሰው ግን ይህን ሲሰማ «ለእናንተ ትምህርት፥ ለእኔ ኪሳራ» ቢል እውነት አለው። አህያ ለድኻ መጓጓዣው፥ እንጀራውም ነው። ጅብ ሰውንም ይጐዳል፤ ልጅ በሌሊት በማይወጣበት ሰፈር ስለ አውሬ ማማር መናገር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ማየት ማለት መዳሰስ ወይም ማላመድ አይደለም። ጅብ በየት እንደሚያልፍ ያወቀ ሰው በረቱን ከዚያ ያርቃል፤ የሥጋ ትራፊውን በሰፈሩ ዳር አይጥልም፤ ልጁንም በጊዜ ያስገባል። አውሬን ያላወቀ ግን አንድ ቀን እስኪጐዳ ድረስ ይንቀዋል፥ ከተጐዳ በኋላም ሁሉን ለማጥፋት ይነሣል። ማወቅ የሚጠቅመው ለአውሬው ብቻ ሳይሆን ለአህያውም ባለቤት ነው።

በእንጦጦ ላይ የጠፋውን መቍጠር አያስቸግርም። ከተማው ሲቈረቈር የነበረው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ተቈረጠ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው ባሕር ዛፍም ቦታውን ወረሰ። የቀረው የጥንት ዛፍ አብዛኛው በየአድባራቱ ቅጥር ውስጥ ነው። በዚያ ጥላ ውስጥ ማለዳ በዝምታ የቆመ ሰው ማጅራቱ ነጭ የሆነውን፥ ምንቃረ ወፍራሙን ቍራ ያያል፤ ይህም ከኢትዮጵያና ከአጎራባቾቿ በቀር የማይገኝ ወፍ ነው። ከፍ ባለው ዱር ውስጥም ዕድል ከቀናው የምኒልክ ድኩላ የሚባለውን ጥቍር እንስሳ ሊያገኝ ይችላል። ዛሬ ግን ቤት ከታች ወደ ላይ እየወጣ የተራራውን ወገብ ይዟል። አንድ ፍጥረት በየት እንደሚያልፍ ያወቀ ሰው ከሌለ፥ መንገዱ በአጥር ሲዘጋ የሚጮኽለት ሰው አይኖርም፤ ያላዩት ነገር ሲጠፋም አይታወቅም።

በኮተቤ ግን ዐዋቂ አልጠፋም፤ ጠያቂ ነው የጠፋው። ለማሕሌት በሌሊት የሚወጣው ካህን ጅቡን በየትኛው ማዕዘን እንደሚያገኘው ያውቃል። ደወል የሚደውለው ዲያቆን፥ ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ዘበኛ፥ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደው እናት ሁሉ የመንዙን ሽማግሌ የሚያህል ዕውቀት አላቸው፤ መኪናና መነጽር ስለሌላቸው መሪ ተብለው አልተጠሩም እንጂ። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ በአንበሶችና በነብሮች መካከል የሚሣሉት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስም ቆመው እንጂ ሲያሳድዱ አይታዩም።

ስለዚህ ወደ ሰሜን፥ ወደ ባሌ፥ ወደ ጓሳም የሚሄድ ሰው መልካም አደረገ፤ የከፈለውም ገንዘብ ለጠባቂዎቹ እንጀራ ይሆናል። ነገር ግን የተማረ የከተማ ሰው ከመሄዱ በፊት ወይም ከተመለሰ በኋላ አንድ ማለዳ ከእነዚህ ሰዎች ከአንዱ ጋራ ወደ የካ ዳገት ይውጣ፤ ቀስ ብሎ ይራመድ፤ የሌሊቱን ዱካ ይጠይቅ። መልሱንም ለልጁ ይንገረው፤ ቀጥሎ «በየት በኩል ይወርዳል?» ተብሎ የሚጠየቀው ልጁ ነውና።