የጉና ውኃ ጣና ላይ

ለዕረፍት ባሕር ዳር የሚወርድ የጋይንት ሰው በጀልባ ገዳማቱን ይሳለማል፣ ጉማሬ ካየ ደስ ይለዋል፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ገዳማቱን እኔም እወዳቸዋለሁ። ዳርቻውን ረጋ ብሎ ላየ ሰው ግን ጣና ሌላም ጉድ አለው፤ ያውም ከእኛው ተራራ ጋር የተያያዘ።

ዘጌ ላይ የጀልባው ሞተር ሲጠፋ አርጃኖ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲሞቅ ታዩታላችሁ፤ ስትቀርቡት ድምፅ ሳያሰማ ውኃው ውስጥ ይገባል። ከደንገሉ በላይ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ወፍ አየር ላይ አንድ ቦታ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች። አንገቷን ደፍታ ውኃውን ታያለች፣ ከዚያ ቁልቁል ተወርውራ ዓሣ ይዛ ትወጣለች። ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ደጋግማ ቀጥቅጣ ነው የምትውጠው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ከውኃው በታች ያለው ነው። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የላቢዮባርበስ ዝርያዎች ጣና ውስጥ አሉ፤ አጥማጆቹ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ ይሏቸዋል። ከአንድ ዘር ወጥተው እዚያው ሐይቁ ውስጥ ተለያዩ፤ አንዱ ከጭቃ ለቃሚ ሆነ፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ዓሣ በል። አፋቸው ውስጥ ጥርስ የለም፤ ጥርሳቸው ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናዎ የሚባል ሐይቅም እንዲህ ያለ የዓሣ ቤተሰብ ነበረው፤ ከውጭ የገባ ዓሣና ያለ ልክ ማጥመድ አጠፋው።

ከጣናዎቹ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ወንዝ ውስጥ ነው። በክረምት፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ ወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው ጉማራንና ርብን ይዘው ሽቅብ እስከ ገባር ጅረቶቹ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ጠጠርና የሚፈስ ውኃ ነው። ጠጠሩን ደለል ካለበሰው እንቁላሉ ታፍኖ ይቀራል።

ጉማራም ርብም ከጉና ነው የሚነሱት። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጉና ውኃውን በየአቅጣጫው ቢያካፍልም በምዕራብ የሚወርደው ጣና ይገባል። ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ የጉማራን ድልድይ እንሻገራለን፤ በክረምት ያን ድፍርስ ውኃ አይተን «ጎርፍ ነው» እንልና እናልፈዋለን። ቁልቁለቱ ታርሶ፣ ሣሩ ተግጦ የወረደ የጉና አፈር ነው እኮ! እርከን የሚሠራው የደጋ ገበሬ የራሱን ማሳ ብቻ ሳይሆን የዓሣውንም መራቢያ እየጠበቀ ነው፤ ይህን የሚነግረው ሰው ግን አላየሁም።

ከታች ያለው ችግር መረብ ነው። ለመራባት የተሰበሰበን ዓሣ ወንዝ አፍ ላይ ማጥመድ ቀላል ስለሆነ ቁጥሩ ክፉኛ ቀንሷል። በእነዚያ ወራት መረቡ ከዚያ ይነሳ እላለሁ፤ አጥማጁም እስኪያልፍ የሚተዳደርበት ይመቻችለት።

ጉማራ ዳር ያደጋችሁ፣ ዓሣው ሽቅብ ሲወጣ በዓይናችሁ ያያችሁ ካላችሁ፣ የትኛው ጅረት ላይ እንደሆነ ጻፉልኝ። አሁንስ ይወጣል?