የጎንደር ኮሌጅና የእኛ ነገር



ባለፈው ዐርብ ጅዳ ላይ ቡና አፍልተን፣ ከመካ የመጡ ጓደኞቻችን የትምህርት ቤታቸውን ታሪክ አጫወቱን። እ.ኤ.አ. በ1949 የሸሪዓ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው በ1981 ኡሙል ቁራ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። እኛ የሕክምና ተማሪዎች ግን ልባችን ጎንደር ሄደ።

የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 የተከፈተው ለስም አልነበረም፤ በ1953 ወባ የደምቢያን ሕዝብ ስለፈጀው ነው። ጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒታሪያኑ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች በአንድ ቡድን ወርደው ይሠለጥኑ ነበር። በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ ጭምር ያያሉ። ኮሌጁ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከጤና ውጭ ያሉ ትምህርቶችም በዙ። ደግ ነው፣ ማን ይጠላል!

ከመካከላችን አንዱ የደምቢያ ልጅ ነው። ሁላችንም የልብና የአንጎል ስፔሻሊስት ለመሆን ስንፎክር፣ እናቱ በስልክ፣ «ልጄ፣ ወባ ዘንድሮም ገብቷል፤ ምን እናድርግ?» አሉት። የወባን ምዕራፍ ለፈተና ብለን በሁለት ሌሊት የሸመደድን ነን። አንዱ ተነሥቶ መጽሐፉን ፍለጋ ገባ። ቡናው ቀዘቀዘ።